የአትጠገብ ቀብር

ያለምወርቅ ልጇ ስትቀበር ተኝታ ነበር። ይህን ነው ይቅር ማለት ያቃታት። መሞቷንስ፣ ያን ዘመን የማን ልጅ ተረፈና፤ ከአርማጭሆ ቁልቁል እስከ መተማ በየግራሩ ሥር የቀረው ሕፃን የአንድ አገር ሕዝብ ይሆናል። እሷን ያንገበገባት ሌላ ነው። ወባ አንዘፍዝፎ ጥሏት፣ ከዛፍ ሥር ራሷን ስታ በተኛችበት፣ የሟች ባሏ ወንድም እንግዳው ልጅቱን ከጀርባው አውርዶ ቀበራት። ነግቶ ዓይኗን ስትገልጥ «አትጠገብስ?» ብትለው፣ «ግመል ካላቸው ሰዎች ጋር ቀድማለች፤ ተነሽ እንድረስባት» አላት። ተነሣች። ሕመሟን ረስታ፣ እግሯ እያበጠ፣ ከፊቷ አቧራ ባየች ቁጥር «ያቻትና!» እያለች ድንበሩን ተሻገረች። ገላባት ደርሰው ገንፎ ለመቀበል ሳህን ይዛ እንደ ተሰለፈች፣ የእንግዳው ሚስት ወለተ ማርያም ከኋላዋ ጠጋ አለችና «በቃ አትፈልጊያት፤ የለችም» አለቻት። መርዶ እንዲህ ነው? መርዶማ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ ደጅ ተንኳኩቶ ነው። እሷ ግን እሪ ልትል አፏን ስትከፍት አዳዩ ጭልፋውን ሳህኗ ላይ ገለበጠና «ያላ፣ እለፊ» አላት። አለፈች። ያን ገንፎ በላችው ደግሞ፤ መብላቷንም አልረሳችውም።

ከዚያ ወዲህ የሰባ ሰባቱ ድርቅ አለፈ፤ ዝናብ የጣለበት ዓመት መጣ፤ አሁን ደግሞ እንደገና ሰማዩ ደርቆ የሱዳኗ ገዳሪፍ በአዲስ ስደተኛ ተጥለቅልቃለች። ሦስቱ የሚኖሩት ከገበያው ጀርባ፣ ከጭቃ በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በአንዱ ጥግ የባልና የሚስቱ የጠፍር አልጋ፣ በሌላው ጥግ የያለምወርቅ ሰሌን፣ በመካከሉ ከጆንያ የተሰፋ መጋረጃ። እንግዳው በሰሊጥ ገበያ ጆንያ ይሸከማል፤ ወለተ ማርያም ሽንኩርትና የደረቀ ባሚያ እየመደበች ትሸጣለች፤ ያለምወርቅ በየቤቱ ልብስ ታጥባለች። በዚያች ክፍል ስለ ሁሉም ነገር ይወራል። ማሽላ መወደዱ፣ በአህያ ጋሪ የሚመጣው ውሃ ግማሹ አሸዋ መሆኑ፣ ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ስደተኛ እያፈሰ በመኪና መጫኑ፣ ሁሉም ይወራል። ስለ አትጠገብ ግን አይወራም። ስሟ በስሕተት ከአንዱ አፍ ያመለጠ እንደሆነ እንግዳው ውሃ ሊጠጣ ይነሣል፤ ወለተ ማርያም የሌለ ትቢያ ትጠርጋለች። እንግዳው ክፉ ሰው አይደለም። ዕድሜ ልኬን ያሳድረኛል የምትለው ሌላ ዘመድ የላትም፤ አንድ ቀን እንኳ «የምትበይው በዛ» ብሏት አያውቅም። ይህም ነው የባሰባት። ክፉ ቢሆን ኖሮ ረግማው ይወጣላት ነበር።

ጭቃ መንካት የጀመረችው በዚህ በጋ ነው። ዝናብ ሳይመጣ ብላ የቤቱን ግድግዳ ስትመርግ አውራ ጣቷ እርጥቡ ላይ ሸርተት አለና ጎበጥ ያለ፣ ለስለስ ያለ ነገር ትቶ ሄደ። የሕፃን ጉንጭ ነው የሚመስለው። ቆማ አየችው። ያኔ ነው የደነገጠችው፤ ከልጇ ፊት እሷ ዘንድ የቀረው ጉንጯ ብቻ መሆኑን ያወቀችው ያኔ ነው። ዓይኗን ብትፈልግ የለም። አፍንጫዋን ብትፈልግ የሌላ ልጅ አፍንጫ ይመጣባታል። ፎቶ ያነሣት የለ፣ ልብሷ እንኳ አልተረፈ፤ መቃብሯ የት እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ የማይናገር ሰው ነው። እኔም ከረሳኋትማ ጨርሳ አልተወለደችም ማለት ነው፣ አለች በልቧ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከግድግዳው የተረፈውን ጭቃ በጨርቅ ጠቅልላ ከሰሌኗ ሥር ደበቀች። ሰው በሌለበት ሰዓት ትቀመጥና ቡጢ የምታህል ድቡልቡል ላይ በሚስማር ዓይን ትጭራለች፣ በጥፍሯ ከንፈር ትሰነጥቃለች። የገዳሪፍ አፈር ግን ጥቁር ነው፤ ሲረጥብ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ለራሱም አይሆን፣ ይተረተራል። አምሽታ ያበጀችው ፊት ጠዋት ከግንባሩ እስከ አገጩ ተሰንጥቆ ይጠብቃታል። አንዱ ድመት ይመስላል፤ አንዱ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ። ታፈርሰዋለች፣ ታርሰዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ግትር ናት፤ ያገሯ ሰው ሁሉ ያውቃታል።

ያን ዕለት ጠዋት ጓሮ ሆና የማጠቢያ ሳፋዋን ስታለቀልቅ፣ ወለተ ማርያም በአጥሩ ላይ ከጎረቤቷ ከባሕሪያ ጋር ስታወራ ሰማች። ባሕሪያ እናት አባቷ የመተማ ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን ሱዳን ተወልዳ ያደገች ናት፣ አማርኛዋ ከዓረብኛ ጋር እየተጋፋ ይወጣል።

«ያኽቲ፣ እህቴ፣ ያቺ ሴትዮ በጭቃው ምን ትሠራለች? ትናንት ሳያት ከቀሚሷ ሥር ደበቀችው፣ ወላሂ!»

«ተያት እቴ» አለች ወለተ ማርያም። «ወልዳ የማታውቅ ሴት በምን ትጫወት?»

ሁለቱም ሳቁ። ያለምወርቅ ሳፋው በእጇ እንዳለ ቀረች። ወለተ ማርያም አትጠገብን በምጥ ቀን የተቀበለቻት ሴት ናት። እትብቷን የቋጠረችው እሷ ናት። ምን አስዋሻት? ምናልባት «ልጇ መንገድ ላይ ቀረች» ማለት «እኛ ቀብረን መጣን» ማለት ስለሚያስከትል፣ ከዚያም «እናቷስ?» የሚል ጥያቄ ስለሚመጣ ነው። ያም ሆነ ይህ ያለምወርቅ አልተጣላችም። ከሰሌኗ ሥር የተሰነጠቀውን ፊት አወጣች፣ በጨርቅ ጠቀለለች፣ ሳፋው ውስጥ ከተተችና ወጣች። ስታልፍ ወለተ ማርያም ቀና ብላ አላየቻትም።

የቅዳሜ ልብስ የራሒማ ነው። ራሒማ የባለሱቁ የኸሊል ሚስት ናት፤ የጎንደር ልጅ፣ ሰፊ ግቢ ያላት፣ ሥራ ስትሰጥም ስትቆጣም እኩል የምትጮህ። ከዳሱ ሥር ተቀምጣ ምስር እየለቀመች የሳሙና ዋጋ ሰማይ መድረሱን፣ ኸሊል ለራሱ ሚስት እንኳ በዘረፋ ዋጋ እንደሚሸጥላት ስታማርር ቆየችና ድንገት ዘላ ተነሣች።

«እስቲ እጅሽን! ጥፍርሽ ውስጥ ያለው ምንድነው? ነጭ መጎናጸፊያ ቶቤን እኮ ነው የሰጠሁሽ፣ ያለምወርቅ!»

ያለምወርቅ መዋሸት አልሆነላትም። ጨርቁን ፈታ አሳየቻት። «ልጄን ላበጅ ነበር» አለች። «እምቢ አለኝ።»

ራሒማ ፊቷን ወዲያ መለሰች። «ነፍስ ያለውን ነገር ማበጀት እኛ ዘንድ ሐራም ነው። ‹በይ ነፍስ ዝሪበት› ትባያለሽ በፍርዱ ቀን። ሸፍኚው፤ ከቤቴ አውጪልኝ።» ያለምወርቅ ሸፍና ከአጥሩ ውጭ አስቀመጠችውና ወደ ልብሷ ተመለሰች።  ራሒማ ምስሩን ለቅማ ጨረሰች፣ እንደገና ከመጀመሪያው መልቀም ጀመረች። ልብሱ ሁሉ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ያለምወርቅ ልትወጣ ስትል፣ ወደ ሰማይ እያየች ተናገረች። «ይቺን የውሃ ገንቦ የገዛሁባት ያገርሽ ሴት አለች፣ ታምሬ የምትባል። ከከብት ገበያው ዳር ነው የምትውለው። የሷ አፈር አይሰነጠቅም። እኔ አልነገርኩሽም።»

ታምሬ ወገራ ተወልዳ ያደገች ሸክላ ሠሪ ናት። አገር ቤት ቢሆን ኖሮ ያለምወርቅ አጠገቧ አትደርስም ነበር። እናቷ እንስራ የምትገዛው ፍራንኩን መሬት ላይ ጥላ ነው እንጂ በእጅ አትሰጥም፤ ሸክላ ሠሪ በመንገድ ካለፈች ልጆቿን በቀሚሷ ትሸፍናለች፤ ትበላብኛለች ብላ። ያለምወርቅም ይህን ከጡት ጋር ጠብታ ነው ያደገች። ታዲያ የታምሬ የሳር ዳስ ዘንድ ስትደርስ እግሯ ቆመ። ታምሬ ጉልበቷ ድረስ በጭቃ ተለውሳ አንድ ትልቅ የውሃ ገንቦ አፍ እያዞረች ነበር። ቀና አላለችም።

«ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? አልበላሽም፤ ቁርሴን በልቻለሁ።»

«ብትበዪኝስ» አለች ያለምወርቅ፣ «ከኔ ምን ቀርቶ?»

ታምሬ አሁን ቀና አለችና ከእግር እስከ ራስ አየቻት፣ በሳቅ ፈነዳች። «እውነትሽን ነው፤ አጥንት ብቻ ነሽ። ነይ ቁጭ በይ።»

ያለምወርቅ ጨርቁን ፈታች። ታምሬ የተሰነጠቀውን ፊት በመዳፏ አገላበጠችው። «ይሄ ማነው? አያትሽ ናቸው?» አለች።

«ልጄ ናት። መንገድ ላይ የቀረች።»

ታምሬ ሳቋን ዋጠች። ፊቱን ቀስ ብላ መልሳ ጨርቁ ላይ አኖረችው፤ የተኛ ልጅ እንደሚያስቀምጥ ሰው ነው ያኖረችው። «አንቺ አላጠፋሽም» አለች። «አፈሩ ነው። ይሄ ጥቁሩ ማሽላ ያበቅላል እንጂ ሰው አያበቅልም። ከወንዝ ዳር ቀዩ ነው የሚሆን፤ እሱም ብቻውን አይሆንም፣ የተሰበረ ገል ወቅጠሽ፣ ነፍተሽ ትቀላቅይበታለሽ። አንዴ እሳት ያየ ነገር ያላየውን ይይዘዋል።» ለገንቦው ካበጀችው ቀይ ጭቃ ቆርሳ ሰጠቻት። ያለምወርቅ እንደ ሊጥ ታሸው ጀመር። «እንደሱ አይደለም! አየር ነው የምታስገቢበት። ጠብቶ የጠገበ ልጅ ጀርባ እንደምትመቺው ምቺው፤ ያለው ንፋስ እስኪወጣ።» ያለምወርቅ ጭቃውን ትከሻዋ ላይ ልታስደግፈው ምንም አልቀራት። መታ፣ መታ፣ መታ አደረገችው። ከዚያ እንደ ልማዷ ሚስማሯን አወጣችና ዓይን ለመጫር ጎንበስ አለች።

ታምሬ እጇን ያዘቻት። «ፊት አትጀምሪ። ሁሉም በፊት ይጀምርና ይጣላል። ፊት የመጨረሻው ነው። አቀማመጧን ንገሪኝ። ስትቀመጥ እንዴት ነበረች?»

«እንደ ልጅ ነዋ።»

«ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይቀመጥም። ያንቺዋ እንዴት ነበር የምትቀመጥ?»

 ያለምወርቅን ስለ አትጠገብ አንድ ነገር የጠየቃት ሰው ከዚያ ወዲህ ይህች ሴት የመጀመሪያዋ ናት፤ ጥያቄውን ከየት ጀምሮ እንደሚመልሱት እንኳ ጠፋት። ኋላ ሳታስበው ከበርጩማው ተንሸራተተችና አፈር ላይ ቁጢጥ አለች። አንዱን ጉልበቷን አቆመች፣ አገጯን አስደገፈችበት፣ ቀኝ እጇ በራሱ ጊዜ ሄዶ የጆሮዋን ጫፍ ያዘ። «እንዲህ» አለች። «ትልልቅ ሰው ሲያወራ እንዲህ ሆና ነው የምትሰማ። ጆሮዋን ትይዘዋለች፣ ወሬው እንዳያመልጣት።»

«አገኘሻት» አለች ታምሬ። «እሷን አብጂ።»

ቀትር እስኪያልፍ አበጀች። የመጀመሪያዋ አንገቷ ቀጥኖ ጭንቅላቷ ወደቀ። «አታቆንጂያት፣ አንገት ይወፍር፤ ቁንጅና ኋላ ነው» አለቻት ታምሬ። ሁለተኛዋ እጇ ከገላዋ ርቆ ስለ ቆመ ገና ሳይደርቅ ተቆረጠ። «ከገላ የራቀ እጅ አይበረክትም። አስጠጊው። የምታጣብቂበትን ሁለቱንም በእሾህ ጫር ጫር አድርጊና በቀጭን ጭቃ ቀቢው፤ አለዚያ ሲደርቅ ይካካዳሉ።» ሦስተኛዋ ጉልበቷ ቆመ፣ አገጯ ጉልበቷ ላይ አረፈ፣ እጇ ከጆሮዋ ጋር አንድ ሆነ። ቁመቷ ከያለምወርቅ መሐል ጣት አይበልጥም። በአውራ ጣቷ ጫፍ ጉንጯን ጎበጥ አደረገችላት። ሚስማሩን አንሥታ ዓይኗ ዘንድ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ፤ ዓይኗን አታውቀውም። ታምሬ አይታ ገባት። «ተዪው። አቀማመጥ ከተገኘ ዓይኑን የሚያውቃት ሰው ይጨምርበታል።»

ታምሬ ከውሃ ቅል ጠጥታ አቀበለቻት። ያለምወርቅ ቅሉን ተቀብላ ታምሬ አፏን ባሳረፈችበት በኩል ጠጣች፤ ጠጥታ ከጨረሰች በኋላ ነው ምን እንዳደረገች ትዝ ያላት፣ ምንም አልመሰላትም።

«እዚህ ተዪልኝ» አለች ታምሬ። «ጥላ ላይ ትጠንፈፍ፤ ከገንቦዎቼ ጋር እተኩስልሻለሁ። አንዴ ከተተኮሰች ከልጅ ልጅሽ ታልፋለች።»

የመጣችው ለዚሁ ነበር። ግን ተተኩሳ ቤታቸው ግድግዳ ሥር ተቀምጣ ታየቻት፤ ወለተ ማርያም ስትጠርግ ዞር እያደረገቻት፣ እንግዳው በመጣ ቁጥር ውሃ ሊጠጣ እየተነሣ፣ እሷም ዕድሜዋን በሙሉ ሰሌኗ ላይ ተጋድማ ያልተቀበረች ልጅ ስታይ። «አይ» አለች። «እንዲሁ ይዣት እሄዳለሁ።»

«ጥሬዋን? ውሃ ከነካት እኮ አፈር ናት።»

«አፈር ትሁን። እኔ እያየሁ አፈር አላገኘችም እሷ፤ የጎደላት እሱ ነው።»

ታምሬ ምንም አልጠየቀችም። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻት።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ዘንበል ብላለች። እንግዳው ትከሻው የሰሊጥ ገለባ እንደ ለበሰ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እግሩን ይታጠባል። ወለተ ማርያም ሽንኩርት ትመድባለች፤ ባሕሪያም ለወሬ መጥታ በር ላይ ቆማለች። ያለምወርቅ ጨርቁን ፈታች፣ ልጅቱን አልጋው ላይ ከእንግዳው አጠገብ አስቀመጠቻት።

«ይሄን የቡዳ ሥራ ደግሞ ቤት...» ብላ ጀመረች ወለተ ማርያም። ከዚያ አቀማመጧን አየችው። ቀሪው ቃል አልወጣም። ሽንኩርቱን አስቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

እንግዳው እግሩን ማጠቡን ተወ። ውሃው ከእግሩ ተንጠባጥቦ አለቀ። «ጆሮዋን ይዛለች» አለ በመጨረሻ፤ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። ሊነሣ ከጀለ፤ ያለምወርቅ ደጃፉ ላይ ቆማበታለች።

«ውሃ ኋላ ትጠጣለህ። በምን ቆፈርክላት?»

«በቢላ። ኋላ በእጄ።»

«በምን ገነዝካት?»

«በኩታዬ።»

«ጥልቅ ነበር?»

 «ድንጋይ ነው አገሩ» አለ። «አልጠለቀልኝም። ድንጋይ ከመርኩበት፤ ጅብ እንዳያወጣት ብዬ የቻልኩትን ያህል ከመርኩበት።»

«ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

«ብቀሰቅስሽ ትነሺ ነበር? እዚያው ላይዋ ላይ ትቀሪ ነበር።»

«እቀር ነበር። መቅረቴ የኔ ነበር። ያንተ አልነበረም።»

«ሁለተኛ ጉድጓድ የምቆፍርበት ጉልበት አልነበረኝም፣ እታለም» አለ እንግዳው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ለሷም ያነሰኝ፣ ላንቺ ከየት አመጣለሁ ብዬ ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችው። ሰምታም አልራራችለትም፤ ገና አልሆነላትም። ከግድግዳው ማዕዘን ክረምት ክረምት ቦይ የሚያወጡበትን አካፋ አንሥታ እግሩ ሥር አደረገችው። «ተነሥ» አለችው። «አሁን ቅበራት። እኔ ቆሜ።»

«ሰው ምን ይለናል? ጭቃ ቀበሩ ብሎ ይስቅብናል።»

«ይሳቅ።»

ተነሣ። ከመጨረሻዎቹ ቤቶች ወዲያ ስደተኞች ሙታናቸውን የሚቀብሩበት ሜዳ አለ፤ ስም የሌለው የአፈር ክምር በአፈር ክምር ላይ። ያለምወርቅ ልጅቱን በሁለት መዳፏ ይዛ ከፊት፣ እንግዳው አካፋውን ተሸክሞ፣ ወለተ ማርያም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላ ሄዱ። ባሕሪያ ግራ ተጋብታ ወለተ ማርያምን ክንዷን ያዘቻት።

«ያኽቲ፣ ማነው የሞተው?»

«የያለምወርቅ ልጅ ናት» አለች ወለተ ማርያም።

«ወልዳ አታውቅም ብለሽኝ የለም እንዴ?»

«ዋሽቼሽ ነው። እኔ ነኝ ያዋለድኳት።» ይህን እንዳለች እሪታዋን ለቀቀችው። «አትጠገብ! አትጠገቤ!» ብላ ደረቷን ስትደቃ ሰፈሩ ሰማ። ባሕሪያ ቶቧን ራሷ ላይ አድርጋ ተከተለች። የጎንደርና የጭልጋ ሰዎች የተዘቀዘቀ ነጠላና አካፋ ሲያዩ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ ከየደጃቸው ተነሥተው ከኋላ ተቀላቀሉ። ሬሳው የታል ያለ አልነበረም፤ ሬሳ ሳያይ ያላለቀሰ በዚያ ሰፈር ማን አለና።

እንግዳው ቆፈረ። መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ጓሉ እንደ ድንጋይ ይነሣል። መሐል ጣት ለምታህል ልጅ የሚበቃው ጭብጥ የማትሞላ ጉድጓድ ነበር፤ ጉልበቱ ድረስ ሲደርስ ቀና ብሎ አያት። «ገና ነው» አለችው። ወገቡ ድረስ ሲደርስ ቀና አለ። «ጥለቅ» አለችው። አንድ ጎልማሳ ሊያግዘው እጁን ለአካፋው ዘረጋ፤ ያለምወርቅ ራሷን ነቅንቃ ከለከለችው። እንግዳውም አልሰጠው። ላቡና እንባው ተቀላቅሎ እየወረደ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ ሰው የሚቀበርበት ጥልቀት ድረስ ቆፈረ። ሲበቃ ከጉድጓዱ ሳይወጣ እጁን ወደ ላይ ዘረጋላት። ያለምወርቅ ልጇን መዳፉ ላይ አኖረችለት። እሱም ጎንበስ ብሎ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አድርጎ አስቀመጣት፤ ቁጢጥ እንዳለች፣ ጆሮዋን እንደያዘች።

ሰዎች ስበው አወጡት። ችኮላ ያዘውና የአፈሩን ጓል በአካፋው ገፋ ማድረግ ጀመረ።

«ቆይ» አለች ያለምወርቅ።

ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበረከከች። ወለተ ማርያም እሪታዋን አቆመች። ከኋላ የቆመው ሕዝብ እግሩን እየቀያየረ ጠበቀ፤ ማንም በቃሽ ያላት የለም። እሷ አላለቀሰችም። ወደ ታች ብቻ ታያለች፤ ጉልበቷን፣ አገጯን፣ ጉንጯን፣ የእጇን ቅርጽ፣ አንዱንም ሳትዘል። ጥላው ጉድጓዱን እስኪሞላው ድረስ አየቻት። ከዚያ እጇን መሬት ላይ ተደግፋ ተነሣች።

«በል፣ አሁን አፈሩን መልስ» አለችው፤ የመጀመሪያው ጓል ሲወድቅም ዓይኗን አልከደነችም።